ጦጣዋ የማታውቀው የወፍ በሽታ

ቤር ሼቫ ቡና ስንጠጣ አክስቴ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስትመጣ በሱዳን የስደተኞች መጠለያ ያሳለፈችውን ነገር የምታነሳው ሁሌም ከዓይን ጀምራ ነው። «የወንድሜ ሚስት ዓይኗ እንደ እርድ ሆነ። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። የወፍ በሽታ ነው አሉን፤ ሳምንት ሳይሞላት ቀበርናት።»

ደሟን የመረመረ የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን በምሥራቅ ሱዳን የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያዎችን የመታው የወፍ በሽታ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የምንለው ነው። በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ሌላውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንት አስተኝቶ ይተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ያለችን ነፍሰ ጡር ግን ከአምስት አንዷን እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በ1992 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በእርጉዞች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መርምረዋል።

ለምን እርጉዟን? መልሱ ከጦጣ ተፈለገ። እርጉዝ የሬሰስ ጦጣዎች ቫይረሱን በመርፌ ተወጉ። ውጤቱ በ1995 ታተመ፦ እናቶቹ እንደ ሴቶቻችን አልሞቱም፤ ቫይረሱም ወደ ግልገሎቻቸው አልተላለፈም።

ጦጣ ከንቱ ናት አልልም። የዚካ ቫይረስ ራሱ በ1947 የተገኘው ኡጋንዳ ጫካ ውስጥ ከተቀመጠች የሬሰስ ጦጣ ደም ነው፤ ፅንስን እንዴት እንደሚጎዳም እርጉዝ ጦጣዎች ብዙ አሳይተዋል። ሙግቴ ጦጣዋ ከላቦራቶሪ ረዳትነት አልፋ የእናት ምትክ ስትደረግ፣ እናቲቱ ራሷም ከጥናት ስትገለል ነው። የሄፓታይተስ ኢ ክትባት ቻይና ውስጥ ከ112,000 በላይ ሰዎች ሲሳተፉበት እርጉዞች «ለደኅንነታቸው» ተብሎ ከሙከራው ውጭ ተደረጉ። አገሪቱ ክትባቱን በ2011 ፈቀደች። ወረርሽኝ ለመግታት ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው ግን በ2022፣ ደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ መጠለያ ነው። ነፍሰ ጡሮችም ያኔ ተከተቡ። በሽታው ቀድሞ የሚገድላት ሴት በመድኃኒቱ ሰልፍ መጨረሻ ቆመች ማለት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ አንሄድም። እዚሁ ከተማ ሶሮካ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው የጤና ተቋም ክላሊት፣ በ2021 የኮሮና ክትባት የወሰዱ 10,861 እርጉዞችን ካልወሰዱ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽሮ ክትባቱ እንደሚከላከል አሳየ። መልሱ የመጣው ከእናቶቹ የሕክምና መዝገብ ነው።

የጦጣዎቹን ነገር ለአክስቴ ነገርኳት። ስኒዋን አስቀመጠችና «እንደኛ በረሃ አቋርጠዋል? በመንገዳችን የጠጣነውን የወንዝ ውኃስ ጠጥተዋል?» አለችኝ።

«የለም፤ በመርፌ ነው የተሰጣቸው» አልኳት።

«እንግዲያ ምን ብለው ይመልሱላችኋል?»