ስንቅ በአገልግል ብቻ አይቋጠርም



ወታደር ወደ ግዳጅ ሲንቀሳቀስ ባለቤቱ ወይም እናቱ የምትቋጥርለት ስንቅ ምን ምን እንደሆነ ለእናንተ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው በየቤታችሁ የታወቀ ነው። ዛሬ በዚህ የቤተሰብ ማዕዘን ልናነሣ የወደድነው ግን በአገልግል የማይገባ፣ በሚዛን የማይለካ፣ ሲጎድል ግን ትዳርን የሚያናጋ ሌላ ስንቅ ነው። ይኸውም ጨዋታ ነው።

ጨዋታ ስንል ስለ ድሮ ዘፈን፣ ስለ ወጥና ስለ እንጀራ፣ ስለ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ ስለ ቤት ድመት የሚደረገውን፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ቁም ነገር የሌለበት የሚመስለውን ወሬ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለው ወሬ ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ተለያይቶ የሚኖር ቤተሰብ ሳይፈርስ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ እርሱ ነው እንላለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት አንባብያንን ከድንበር አሻግረን ወደ ጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ሃያብለ ሰፈር እንወስዳለን።

ሃያብለ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ በሰፊው ባልባላ ውስጥ የሚገኝ ሰፈር ነው። ባልባላ ያደገው ፈረንሳዮች አገሪቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ከተማይቱ በሽቦ አጥር በታጠረች ጊዜ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ በመስፈራቸው ነው። ስለሆነም ከሌላ ስፍራ መጥቶ ኑሮን እንደገና መጀመር ለዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮቻችን፣ ነጋዴዎቻችን፣ በየቤቱና በየምግብ ቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን በዚያች ከተማ ይመላለሳሉ፤ ይኖራሉም። ከእናንተም መካከል እኅቱ ወይም አክስቱ በዚያ የምትኖር ጥቂት አይሆንም።

ክረምቱ በእኛ ደጋ ዝናብና ጭቃ ሲሆን በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። ስለዚህ ሰው የሚጫወተው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ወገኖቻችን ከሚሰባሰቡበት አንድ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ ወሬው ሁሉ በአራት መንገድ ሲመላለስ ያገኘዋል።

የመጀመሪያው ዘፈን ነው። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ገና ከመሰማቱ ክርክሩ ይነሣል። አንዱ «ይህን የተጫወተው ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ የፖሊስ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የጦር ሠራዊትን ማን ረሳው?» ብሎ ይቆጣል። ክርክሩ ለእኛ ለወታደር ቤተሰቦች የራሳችን የቤት ጉዳይ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ስማቸው የገነነው ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር በመጫወት ነበር። ዛሬ በየሠርጉ የምንደንስባቸው ብዙዎቹ የቆዩ ዘፈኖች የተወለዱት፣ የደንብ ልብስ ለብሰው መለከት በሚነፉ ሰዎች መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ ጅቡቲን እናገኛለን። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ መሠረቱ። ያን ጊዜ ከባሕር ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው መንገድ፣ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ ተዘርግቶ ያለቀው የጅቡቲ ባቡር ነበር። እንግዲህ በሃያብለ ደጃፍ ስለ ኦርኬስትራ የሚከራከሩት ወገኖቻችን፣ ያ ሁሉ ሙዚቃ በገባበት በር ላይ ተቀምጠው እንደሚከራከሩ ልብ ይሏል።

ጎረቤትም ከጨዋታው አይቀርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት ቅኝቶቻችን ሁለቱ የወሎ ስፍራዎችን ስም የያዙ ናቸው። ባቲ ደገኛውና አፋሩ በሰኞ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ አፋር የሆነ ጎረቤት «ይህ ዜማ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ «ወገኖችህ በሚገበያዩባት ከተማ ስም የተጠራ ነው» የሚል መልስ ይቆየዋል። ጅቡቲያውያንም በበኩላቸው የድሮ ዘፈናቸውን የሚወዱ ሕዝቦች ናቸው። ብሔራዊ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያቸው የቆዩ ቴፖችን በቤተ መዝገቡ ጠብቆ ያቆየ ሲሆን፣ የጣቢያው የሙዚቃ ጓድም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አልበም ድምፁን ለዓለም አሰምቷል።

ሁለተኛው ወሬ ምግብ ነው። በዚያ ሙቀት ሊጥ እንደ ደጋው ሁለትና ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ ቶሎ ይቦካል፤ ጥቂት ከዘነጉትም ይኮመጥጣል። በዚህም የተነሣ «የእኔ እንጀራ ዓይን አወጣ፣ የአንቺ ግን ዓይኑ ታሟል» የሚለው ቀልድ አያልቅም። የአገሩ ሰው በበኩሉ ለሖሕ የሚባል፣ በአንድ ወገኑ ብቻ የሚበስል፣ ዓይን ያለው ስስ ቂጣ አለው፤ በማለዳ በማርና በቅቤ ወይም በሻይ ይበላዋል። ለሖሕ የእንጀራ ታናሽ እኅት ናት የሚሉ ወገኖቻችን አሉ፤ ባለ አገሮቹ ደግሞ ታላቋ እርሷ ናት ይላሉ። ሩዝን ከሥጋና ከቅመም ጋር አዋሕደው የሚሠሩት ስኩዳካሪስ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የሚጠበሰው የየመኖች ዓሣ ሁሉ የክርክሩ ተካፋይ ነው። ነገር ግን አንድ ሹፌር ከአገር ቤት በርበሬ ይዞ የገባ ዕለት ክርክሩ ሁሉ ፀጥ ይላል።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ነው። በእኛ አገር ፎቶግራፍ መነሣት ትልቅ ጉዳይ ነበር። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሣ ከነበረው ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ጀምሮ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በኋላ በየከተማው የፎቶግራፍ ቤት ተከፈተ። ተነሺው የክት ልብሱን ለብሶ፣ በሥዕል በተዋበ መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸውን እነዚህን የመሰሉ ፎቶግራፎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። በሃያብለም አንዷ እኅት ከሻንጣዋ ሥር የእናቷን የሠርግ ፎቶግራፍ ስታወጣ፣ ደጃፉ ሁሉ ይሰበሰባል። «ይህ አፍሮ ጠጉር የማን ነው?» ተብሎ ይሳቃል፤ ቀጥሎም «ይህቺ አሁን በሕይወት አለች?» ተብሎ ለአፍታ ዝም ይባላል። ሳቁም ዝምታውም የአንድ ፎቶግራፍ ሥራ ነው።

አራተኛው ወሬ የቤት እንስሳ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ቤተሰብ እናነሣለን። ስማቸው እንዳይጠቀስ፣ ታሪካቸው ግን ለሌላው እንዲጠቅም ፈቅደውልናል።

ባል በሠራዊታችን ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነው። ሚስት ለቤት መሥሪያ የተበደሩትን ዕዳ ለመክፈል ወደ ጅቡቲ ተሻግራ፣ በሃያብለ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። የስድስት ዓመት ሴት ልጃቸው ከአያቷ ዘንድ ናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ይደዋወሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው እያጠረ ሄደ። «ብሩ ደረሰ?» «ደረሰ።» «ልጅቷ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» ይኸው ነው። ወሬው ባዶ ሲሆን ባዶውን ስፍራ ጥርጣሬ ያዘው። «ትናንት ለምን ስልክ አላነሣሽም?» «አንተስ ያን ቀን የት ነበርክ?» መባባል መጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፣ አንድ ምሽት የተነገረ ክፉ ቃል ለሁለት ወር አኮራረፋቸው። ልጅቷም እናቷ በደወለች ቁጥር ከአያቷ ቀሚስ ሥር መደበቅ ጀመረች። ነገሩ ከብዶ ሽማግሌ ሊቀመጥ ቀን ተቆረጠ።

በዚህ መካከል ከእናትየው ክፍል ጣሪያ ላይ አንድ ቀይ ድመት ሰፈረ። የገዛችውን ዓሣ ሰርቆ በላባት፤ በማግሥቱም ምንም እንዳላጠፋ ሆኖ ከደጃፏ ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። እርሷም አኳኋኑን አይታ «ሻምበል» አለችው። ያን ምሽት ለአያትየው ደውላ የሆነውን ስትተርክ፣ ልጅቷ ከቀሚሱ ሥር ሆና ሰማች። ጥቂት ቆይታም ብቅ ብላ «እማዬ፣ ሻምበል ከሆነ አባዬ ሰላምታ ይሰጠዋል?» ብላ ጠየቀች።

ከወራት ዝምታ በኋላ እናት ከልጇ አፍ የሰማችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ጥያቄው ለሃምሳ አለቃው በደረሰው ጊዜ ኩርፊያውን ረስቶ ደወለ፤ «ለመሆኑ ይህ የበላይ አለቃዬ ከየት የመጣ ነው?» ሲልም ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ከዓሣው ወደ ወጡ፣ ከወጡ ወደ ሠርጋቸው ዕለት፣ ከሠርጋቸውም ያን ቀን ወደተዘፈነው ዘፈን ተሻገሩ። ዕዳው ገና አላለቀም፤ እርሷም ገና አልተመለሰችም። ሽማግሌዎቹ ግን በተቆረጠው ቀን መጥተው ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ውድ አንባብያን፣ ድመቱ ጠበቃ ወይም አስታራቂ ሆኖ አይደለም። ሰው «ናፍቄሃለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ማለት ሲያቅተው፣ ቃሉን የሚያስቀምጥበት ቀላል ዕቃ ይፈልጋል። ዘፈኑ፣ ወጡ፣ ፎቶግራፉና ድመቱ ያ ዕቃ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ዘመን የጅቡቲ ባቡር ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ መሥመሩን የቆረጠው ጠላት ነበር። ዛሬ ስልኩም መንገዱም ክፍት ሆኖ ሳለ ወሬው ከተቋረጠ ግን፣ የቆረጥነው እኛው ራሳችን ነን።

እንግዲህ ለወታደሩም ለባለቤቱም የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ስትደዋወሉ ከገንዘቡ በፊት ጨዋታውን አስቀድሙ። «ደህና ናችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ምን ወጥ ተሠራ? ልጁ በምን ሳቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አሮጌ ፎቶግራፎችን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቁ፤ በጀርባቸው የሰዎቹን ስምና ዘመኑን በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቁ። ወታደሩም ለቤተሰቡ የሚልከው ፎቶግራፍ ሰፈሩን፣ መሣሪያውንና ምሽጉን የማያሳይ ይሁን፤ ለልጅ የአባቱ ፊት ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ እንስሳ ውደዱ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ይሁን። ውሻችሁን አስከትቡ። ውሻ ወይም ድመት የነከሰውን ስፍራ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሂዱ። የዱር እንስሳ ግልገልንም እንደ ድመት ለማሳደግ አትግዙ። በጅቡቲ ከተማ አቅራቢያ ዴካን የተባለ መጠለያ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዙ አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል፤ ከእናታቸው ተነጥለው ለሰው መጫወቻ ሊሸጡ የነበሩ ናቸው።

አራተኛ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ስትቋጥሩ ከዳቦ ቆሎው መካከል አንድ የሚያስቅ ወሬ በወረቀት ጽፋችሁ ክተቱ። ዳቦ ቆሎው በሳምንት ያልቃል፤ ወሬው ግን በየምሽጉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ይከርማል።

ሃምሳ አለቃው በቅርቡ በላከልን መልእክት፣ ሻምበል የሻለቅነት ማዕረግ ሳይጠብቅ እንዳልቀረ አስታውቆናል፤ ሌላ ዓሣ ሰርቋልና።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ቸር ወሬ ያሰማን።