ሣጥኑን ነው ወይስ ዕውቀቱን?

በውጭ አገርና በአገር ውስጥ ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረገው «ሽርክና» አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ቀድሞ የሚላክልን አሮጌ መጽሐፍ ነበር፤ አሁን ሮቦት ነው። ከባሕር ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ሞተሩን፣ ሴንሰሩንና ጎማውን በሣጥን አሽጎ ይልካል፤ የኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ሣጥኑን ተቀብሎ፣ ተማሪዎቹን አሰልፎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሪፖርት ይጻፋል፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተስፋፋ ይባላል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ የተላከልን ሣጥኑ ነው ወይስ ዕውቀቱ?

አቋማችን ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። እኛ የሮቦት ጠላቶች አይደለንም። «ወንበርና ጠመኔ በሌለበት ትምህርት ቤት ሮቦት ምን ይሠራል?» ከሚሉትም ወገን አይደለንም። ይህ አነጋገር ለድኻ ያሰበ ይመስላል እንጂ ንቀት ነው፤ የድኻ ልጅ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ ጠመኔ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሳይንስ ይድረሰው ማለት ነውና። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ስሕተት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የተሳሳተ ትእዛዝ የተሰጠው ሮቦት ግን ሄዶ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ተማሪው ስሕተቱን በዐይኑ ያያል፤ ፈትቶ ይገጥማል፤ ደግሞ ይሞክራል። ትንሹ ማርሽ ትልቁን ሲያዞር ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት እንደሚጨምር በእጁ ይዳስሳል። ከዚህ የበለጠ የፊዚክስ ትምህርት ከየት ይመጣል?

የሐሳቡም ምንጭ ይኸው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሲይሞር ፓፐርት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 «ሎጎ» የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለልጆች ሲያዘጋጅ፣ ዓላማው ኮምፒውተሩ ልጁን እንዲያዝ ሳይሆን ልጁ ኮምፒውተሩን እንዲያዝ ነው። ዛሬ ግን በሽርክናው ስም ማን ማንን እያዘዘ ነው?

ከኛ መካከል ለማስጠናት ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሄዱት፣ የሮቦቱን ሣጥን በቁም ሣጥን ተቈልፎበት አይተውታል። ለምን ቢሉ፣ በሞዴል 22 ፈርሞ የሚወስደው መምህር አንድ ብሎን ቢጠፋ ከደመወዙ እንዳይቈረጥበት ይፈራል። ሥልጠናም አልተሰጠውም። ላኪው ወገን ሁለት ቀን ቈይቶ ተመልሷል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

መምህሩን ዘሎ ወደ ተማሪው ለመድረስ የተሞከረው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» መጣ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። አልገባኝም የሚል ተማሪ ቴሌቪዥኑን ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አለፈ። የዲግሪ ባለቤት የሆነው መምህር ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን አስቀመጠ፤ ያለ መምህር፣ ያለ መመሪያ። ልጆቹ ሣጥኑን ከፈቱ፤ ማብሪያውን አገኙ፤ ከወራት በኋላ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር እንደ ከፈቱ ድርጅቱ ራሱ ነገረን። እንግዲህ የኢትዮጵያ ልጅ አእምሮ ጐድሎት አያውቅም! የዘመሩት ግን የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ነበር። ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ መምህር አያስፈልግም» የሚል ካለ፣ ውጤቱን ይመልከት፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 ብቻ ናቸው። ይህን ጉድለት የሚሞላ ሣጥን አልተሠራም።

ሣጥኑም ቢሆን ባለቤት አለው። ሌጎ ኩባንያ ስሙን ከፓፐርት መጽሐፍ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ያቀረበው «ማይንድስቶርምስ» ስንት ትምህርት ቤት የተማመነበት መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ኩባንያው ምርቱን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሀብታሙ ትምህርት ቤት ሌላ ይገዛል፤ በስጦታ የተቀበለው ግን መለዋወጫ የሌለው መጫወቻ ታቅፎ ይቀራል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው በከንቱ አይደለም።

ሽርክና ከተባለ ደግሞ ሰውም መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 «ፈርስት ግሎባል» የተባለው የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች የሮቦት ውድድር በዋሽንግተን ሲደረግ ከ150 በላይ አገሮች ተጠሩ። ከአፍጋኒስታን የተመረጡት ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከለከሉ፤ የጋምቢያ ተማሪዎችም መጀመሪያ ተከልክለው ነበር። የገቡት ዓለም ስለ ጮኸላቸው ነው። ጋዜጣ ያልጻፈለት ተማሪ በኤምባሲ በር ላይ ሲቀር ማን ይጮኽለታል?

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ምርጫ የለንምና የተሰጠንን እንቀበል» የሚሉን አሉ። ምርጫ አለ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የጋናዋ የአሸሲ ዩኒቨርሲቲ መምህርት አዮርኮር ኮርሳና የካሊፎርኒያው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኬን ጎልድበርግ «የአፍሪካ ሮቦቲክስ መረብ»ን መሠረቱ። ዋጋው 10 ዶላር አካባቢ የሆነ የትምህርት ሮቦት የሚሠራ ይወዳደር ብለውም ዐወጁ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ «ሎሊቦት» ነው፤ ከቪዲዮ ጨዋታ መቈጣጠሪያ ተሠርቶ፣ ከረሜላ በክብደት ማመጣጠኛነት ተሰክቶበት፣ ዋጋው 8.96 ዶላር ሆነ። እዚህ ሁለት መምህራን በእኩልነት አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ መልሱም ለማንም የሚከፈት ሆነ። ይህ ነው ሽርክና!

የገጠሩ ወገናችን ይህን ከኛ በፊት ያውቀዋል። ወንፈል ይለዋል፤ ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የኔን። ወንፈል ውስጥ ለጋሽና ተመጽዋች የለም። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ መምህሩ ከሣጥኑ ይቅደም። ያልሠለጠነ መምህር ባለበት ሣጥን አይውረድ፤ ተማሪ ሲማርበት ለጠፋ ብሎንም መምህር ከደመወዙ አይክፈል።

ሁለተኛ፤ መሣሪያው ተፈትቶ የሚጠገን፣ ንድፉም ለሁሉ የተገለጠ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ የተጀመረው «አርዱዊኖ» ንድፉ ማንም እንዲሠራው ክፍት ነው፤ ስለዚህ የለም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፤ ጥያቄው ከኛም ይነሣ። የባዕድ ውድድር ኳስ ከመልቀም ጋር የእርሻችን ውሃ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ መሣሪያም ይሠራ፤ የውጭዎቹ ተማሪዎች ከኛ ጋር ይሥሩት።

አራተኛ፤ ተማሪው የሠራውን በሚያስብበት ቋንቋ ያስረዳ። የባዕድ ቃል የሸመደደ ሁሉ ሳይንስ ገባው አይባልም።

አምስተኛ፤ ጉዞው የሁለት ወገን ይሁን። ቪዛ የማያስገኝ ሽርክና ስሙን ይቀይር።

ይህን ሁሉ ከሌላው ስንጠይቅ እኛስ? የምሕንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎች በዚህ ግቢ ሞልተናል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቈለፉት ሣጥኖችም ከበራችን ሩቅ አይደሉም። በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት መስጠት ያልቻለ ተማሪ ስለ አገር ዕድገት የመናገር መብቱን ራሱ ነሥቷል። የተከበራችሁ መምህራንም ይህን አገልግሎት ከትምህርቱ ክፍል ቈጥራችሁ ውጤት ስጡበት።

ቁልፉ ይውጣ! ሣጥኑ ይከፈት! ሽርክናው ወንፈል ይሁን!