ወረፋ የሌለው ጨዋታ

«ፕሌይስቴሽን ቤቶቹ ይታሸጉልን!» የሚል ወላጅ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ አላጣም። ይታሸጉ እንበል፤ የልጁን ኪስ ማን ያሽጋል? ፕሌይስቴሽን ቤት ቢያንስ ወረፋ አለው፤ ሳንቲም ሲያልቅ መነሣት ግድ ነው። ስልክ ላይ ያለው ጌም ግን ተረኛም መዝጊያ ሰዓትም የለውም። ስልኩን ደግሞ «እንዳይረብሸን» ብለን የሰጠነው እኛው ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር መጫወትን በሽታ አላለም። ማቆም ሲያቅት፣ ጌሙ ከሌላው ኑሮ ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ሲዘልቅ ነው። ቅዳሜ ሁለት ጌም ተጫውቶ የሚወጣውን ልጅ ሱሰኛ አንበለው።

ይልቅ ወረፋውን ቤታችን እናምጣው፤ የጨዋታ ሰዓት ይወሰን፣ ማታ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደር። የአባትየውም ጭምር! ስልኩን አቅፎ የሚተኛ አባት ቢቆጣ ማን ይሰማዋል?