የት ደረስክ?

መስቀል ሊገባ ሲል በሆሳዕናና በዱራሜ ስልኮች የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው። «የት ደረስክ?» ይላል ቤት ሆኖ የሚጠብቀው። «ቡታጅራን አልፈናል» ይላል ከመንገድ ያለው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ እንደገና ይጠራል። «አሁንስ? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንተን ነው የሚጠብቀው። እስከ አሁን ወራቤ አልደረሳችሁም እንዴ?»

ይህን ስልክ የሚደውለው ክፉ ሰው አይደለም። እናት ናት፣ አባት ነው፣ አያት ናቸው። ዓመት ሙሉ ያላዩት ልጅ ለያሆዴ ወይም ለመሳላ እየመጣ ነው፤ ልብ አልረጋ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ስልኩ የሚጠራው ግን መሪ በያዘ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ራሱ ልጃቸው ከሆነ በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ ይይዛል። ተሳፋሪም ከሆነ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ «ሾፌር፣ እባክህ ትንሽ ፈጠን በል» ይላል።

ስለ ፍጥነት ሲነሳ ሁልጊዜ የምንወቅሰው ሾፌሩን ነው። ይገባዋልም፤ ነዳጁን የሚረግጠው እግር የእሱ ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ግን ከመኪናው ውጭ ስላለው ችኮላ ነው። በመንገዳችን ላይ ካለው ፍጥነት ቀላል የማይባለው ክፍል የሚነሳው ከቤት ነው። ከቤት ከተነሳ ደግሞ ቤት ያለነው ወላጆችና አያቶች ልናበርደው እንችላለን ማለት ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ችኮላው የሚያተርፈውን እንቁጠር። ሃያ ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ አለ እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በ100 የሚበረው በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ትርፉ ሦስት ደቂቃ ነው። በሦስት ደቂቃ አቦል እንኳን አይፈላም። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ከተማ አለ፣ ገበያ አለ፣ ኩርባ አለ፣ ከብት አለ። ሜዳው ላይ የበረረው ሾፌር የሚቀጥለው ከተማ ሲደርስ ከባጃጅ ኋላ ይቆማል። ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ደርቦን ያለፈውን መኪና መናኸሪያ በር ላይ እናገኘዋለን።

ኪሳራውስ? ደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና እንውሰድ። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ80 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ ውስጥ ብቻ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመው 35 ሜትር ያህል ይጨምራል። በድምሩ ወደ 57 ሜትር ነው። በ100 ለሚሄደው ደግሞ ድምሩ 83 ሜትር ይደርሳል። አሁን ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ ልጅ ከፊታቸው ብቅ አለ እንበል። የ80ው መኪና ልጁ ጋ ሳይደርስ ጥቂት ሲቀረው በቆመበት ቦታ፣ የ100ው መኪና ገና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ ያልፋል። የጀመሩት በሃያ ልዩነት ነበር። ልጁን ሲያገኙት ግን አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይገድላል። ይህ በደረቅ አስፋልት ነው። መስቀል ደግሞ የሚውለው ክረምቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ደጋው ላይ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ባለበት ጊዜ ነው።

ለእኛ ለትልልቆቹ ይበልጥ የሚገባን በከፍታ ሲነገር ይመስለኛል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጋጨት ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ እንደመውደቅ ነው፤ ከቤት ጣሪያ እንደማለት። በ50 መጋጨት ከአሥር ሜትር፣ ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ ነው። በ80 ከሆነ 25 ሜትር ይሆናል፤ ስምንት ፎቅ ነው። የልጅ ልጁን ከስምንተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ አቁሞ «አይዞህ፣ አትወድቅም» የሚል አያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ የመኪናው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ አራት ተኩል እጥፍ ይጨምራል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከየትኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው።

በእኛ ከተሞች ደግሞ ዋናው መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። በሆሳዕና መግቢያ፣ በዶዮገና፣ በሺንሺቾ፣ በሾኔ መንገዱ የእግረኛ መሄጃ ነው፣ የተማሪ መንገድ ነው፣ የገበያተኛ አህያ መተላለፊያ ነው። እንሰትና ቆጮ የተሸከሙ እናቶች የሚሄዱት በአስፋልቱ ዳር ነው። የብዙ ሰው ግቢ በር የሚከፈተው በቀጥታ ወደ መንገዱ ነው፤ ከእንሰቱ ጥግ ሮጦ የሚወጣ ልጅን ሾፌሩ የሚያየው አስፋልቱን ከረገጠ በኋላ ነው። የዓለም አገሮች ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም ተሰብስበው እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳያልፍ ጥሪ ያቀረቡት ለእንዲህ ያለው መንገድ ነው። ሠላሳ ሲባል ለሾፌር እንደ ኤሊ መሄድ ይመስለዋል። ከመንገዱ ዳር ላለችው እናት ግን ልጇ ተገጭቶም ቢሆን በሕይወት የሚተርፍበት ፍጥነት ነው።

በእኛ አካባቢ የተለየ አንድ ነገርም አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆቻችን ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሠርተዋል። ለበዓል ሲመጡ መኪና ይከራያሉ፣ ወይም ይገዛሉ። ደቡብ አፍሪካ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ እኛ አገር በቀኝ ነው። ብዙ ዓመት በግራ የነዳ ሰው እጁና ዓይኑ ያንን ለምዷል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ሐሳቡ ስለሚደርስለት በቀኙ ይሄዳል። ሲጣደፍ፣ ከኩርባ ላይ ድንገት ሌላ መኪና ሲመጣበት ግን እጁ የሚታዘዘው ለቆየው ልማድ ነው። እግረኛ ሆኖ መንገድ ሲሻገርም መጀመሪያ የሚያየው መኪናው ወደማይመጣበት አቅጣጫ ነው። ልጃችሁ ከዚያ ከመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሪ ባይዝ ደስ ይለኛል። ከያዘም አጠገቡ እዚሁ የለመደ ሰው ይቀመጥ፤ ጉዞውም በቀን ይሁን።

የበዓልና የሠርግ ጉዞ ሲነሳ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017ን ማለፍ አይቻልም። በዚያ እሑድ በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሠርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእኛ ሩቅ አይደለም። እኛም ለሠርግና ለለቅሶ አይሱዙ ላይ ቆመን እንሄዳለን። የጭነት መኪና የተሠራው ለእህል ነው፤ ቀበቶ የለውም፣ መቀመጫ የለውም፣ ሲገለበጥ የሚይዝ ነገር የለውም። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ለቆመ ሰው ልከኛ የሚባለው ፍጥነት እንኳን ብዙ ነው። የመኪናው ኪራይ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ድግሱን የሚደግሰው ቤተሰብ ግን ከአንድ በሬ ዋጋ ላይ ቀንሶ ለሁለት ሚኒባስ ቢያውለው ማንም እንግዳ ሥጋ አነሰኝ አይልም።

ወደ ተሳፋሪው እንምጣ። ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ኩርባው ላይ ሁሉ ደርቦ ያልፋል። ሁላችንም ወንበሩን ጨብጠናል፣ አንዱም አይናገርም። ሬዲዮው ብቻ ይጮኻል። ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ» አሉት፤ «እናትህ በሕይወት አለች?» «አለች፣ እማማ» አለ። «እንግዲያው ለእሷ ብለህ ቀስ በል። እኔም የሚጠብቁኝ አሉ።» ረዳቱ ሳቅ አለ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ግን «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ሌላዋም «እኔም ልል ስል ነበር» አለች። መኪናው ቀስ አለ። ሾፌሩ አልተቆጣም፤ ሲወርዱም ዘንቢላቸውን ያወረደላቸው እሱ ራሱ ነበር።

እንግዲህ ይህ የአንድ ቀን ወግ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ላይ በጥናት ተሞክሯል። ጄምስ ሃብያሪማና እና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የአሜሪካው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ ማታቱዎችን ወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ በዕጣ ለተመረጡት ከውስጥ በኩል፣ ተሳፋሪ በሚያየው ቦታ ላይ ጽሑፍ ለጠፉ። ጽሑፉ ተሳፋሪውን «ሾፌሩ ሲያጠፋ ዝም አትበል፣ ተናገር» የሚል መልእክት ነበረው። መንገድ አልተሠራም፣ ፖሊስ አልተጨመረም። ጽሑፉ የተለጠፈባቸው መኪኖች ለመድን ድርጅት ያቀረቡት የአደጋ ካሳ ጥያቄ ግን ካልተለጠፈባቸው አንጻር ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። ኋላ ላይ ሙከራው በብዙ ተጨማሪ መኪኖች ሲደገምም ቅናሹ ከሩብ እስከ ሲሶ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ሁሉ ያደረገው የተሳፋሪ አፍ ነው።

እኛ ዘንድ ዝምታው ለምን በረታ? ሾፌሩን ማስቀየም ይሆናል ብለን ነው። ወጣቱ ቢናገር «ከፈለግህ ውረድ» ይባላል። ሴቲቱ ብትናገር ረዳቱ ያሾፍባታል። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲናገሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሀዲያም በከምባታም ታላቅን ፊት ለፊት ማዋረድ ነውር ነው፤ ሾፌሩም ያደገው እዚያው ነው። ስለዚህ በሚኒባስ ውስጥ ለመናገር ከሁሉ የተሻለ አቅም ያለው ሰው ጉልበቱ የደከመው አያት ነው። አያቶች ሆይ፣ ይህን አቅማችሁን ተጠቀሙበት። መቆጣት አያስፈልግም፤ «ልጄ» ብሎ መጀመር ይበቃል። እናንተ ከጀመራችሁ ሌላው ይከተላል።

ቤት ለምንጠብቀውም ሥራ አለን። ወንዶቹ ለበዓሉ በሬ በቱታ ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፤ ሴቶቹም ለአታካናው የሚሆነውን ቅቤ ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። ለበዓሉ ሥጋና ቅቤ ይህን ያህል አስቀድሞ የሚያስብ ሕዝብ ለጉዞው ግማሽ ቀን ማስቀመጥ አያቅተውም። ልጆቻችሁ በዋዜማው ማታ ሳይሆን ሁለት ቀን ቀድመው፣ በቀን ብርሃን እንዲነሱ ከአሁኑ ንገሯቸው። ፈቃድ የሚጠይቁት ከመሥሪያ ቤት ስለሆነ የሚነገራቸው በጊዜ መሆን አለበት። እርዱን የአንድ ልጅ መድረሻ ሰዓት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ጠዋት የሚታረደውን ጠዋት እረዱ። መሪ የያዘ ልጅ ላይ አትደውሉ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይደውልላችሁ፣ ወይም ሲያርፍ እሱ ራሱ ይደውል። መንገድ ላይ ላለ ሰው ከቤት የሚላክ ቃል አንድ ብቻ ይሁን፤ «አትቸኩል።» «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስንል የኖርነው ለእህል ነው። ከመንገድ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ለልጅ ሞተር ወይም መኪና ስትገዙ፣ ወይም ውጭ ያለው ወንድሙ ገዝቶ ሲልክለት፣ ሽማግሌ ተጠርቶ ይመረቃል። ምርቃቱ መልካም ነው። ከምርቃቱ በፊት ግን መንጃ ፈቃዱ ይታይ፣ የራስ ቁሩ ይገዛ፤ በከተማ ውስጥ በስንት እንደሚነዳም እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ይግባ። በሽማግሌ ፊት የገባውን ቃል ልጁ በቀላሉ አይረሳውም።

እንግዲህ ያሆዴም መሳላም ደርሷል። ልጆቻችሁን በሰላም ያግባላችሁ። የሚዘገይ ቢኖር አትጨነቁ፤ ለዘገየ ልጅ ድርሻው ይቀመጥለታል።