ከባድ ዕቃ ወደ ፎቅ ሲወጣ

ቀድሞ ናዝሬት፣ ዛሬም አዳማ በምንላት ከተማ፣ ቤተሰብ ቁም ሣጥን ወይም ማቀዝቀዣ ሲገዛ አሳቡ ሁሉ በዋጋው ላይ ነበረ። ዕቃው ከጋሪ ወርዶ በግቢው በር ይገባ ነበርና ስለ አገባቡ ብዙ የሚጨነቅ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ወደ አዳማና ወደ ሌሎች ከተሞች ከተስፋፋ ወዲህ ግን ብዙ ቤተሰብ ኑሮውን በፎቅ ላይ አድርጓል። ከእነዚህም ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ 4 ፎቅ ሲኖራቸው አሳንሰር የላቸውም። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ በሱቅ አያበቃም፤ «ማን፣ በየት በኩል ያወጣዋል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ሜትር ይዘን የዕቃውን ቁመትና ወርድ፣ ቀጥሎም በሩንና የደረጃውን መታጠፊያ እንለካ። በበር የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ በደረጃው ጥግ ይዞራል ማለት አይደለምና።

አሳንሰር ያለው ቤት ዕድለኛ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ጥንቃቄ ይሻል። በውስጡ የሚችለው የሰው ቁጥርና ኪሎ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 8 ሰው፣ 630 ኪሎ። የልብስ ማጠቢያ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሠጋው አገባቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ በሕዝብ ፊት ገመዱን አስቆርጦ፣ አሳንሰሩ እንዳይወድቅ የሚይዝ መሣሪያ አሳይቷል። ሆኖም ይህ መሣሪያ በሩን ከግጭት አያድንም። በሩን በድንጋይ ደግፈን ብናቆየው ወይም ሐዲዱን በዕቃው ጠርዝ ብንመታው፣ በብልሽቱ ምክንያት አረጋውያን ጎረቤቶቻችን በእግራቸው ይወጣሉ።

ማቀዝቀዣ ቆሞ ይጓዝ። ከተጋደመ በኮምፕሬሰሩ ያለው ዘይት ወደ ቧንቧው ይፈስሳልና፣ ለጥቂት ሰዓታት፣ ለረጅም ጊዜ ተጋድሞ ከሆነም እስከ አንድ ቀን ቆሞ ሳይቆይ በኤሌክትሪክ አይሰካ። የልብስ ማጠቢያው መኪና ከበሮውን የሚይዙ የማጓጓዣ ብሎኖች ካሉት፣ ከቦታው እስኪደርስ አይፈቱ፤ ሥራ ሳይጀምር ግን ይፈቱ።

ከሁሉ በላይ ስለ ተሸካሚው ወንድማችን እናስብ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ አሳስቧል። እንግዲህ የልብስ ማጠቢያ መኪና የአንድ ሰው ሸክም አይደለም። የሁለተኛውን ሰው ዋጋ ለማትረፍ ብለን አንዱን ብቻውን በአዳማ ሙቀት 4 ፎቅ ብናስወጣው፣ ያተረፍናት ገንዘብ ከወገቡ የተወሰደች ናት። ሒሳቡም ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮ፣ ዕቃው ሳይነሣ ይቆረጥ፤ በደረጃ መካከል የሚነሣ ክርክር ለሰውም ለዕቃም አደጋ ነው። ሲወጡም ከታች የሚይዘው አብዛኛውን ክብደት ስለሚቀበል ብርቱው ከታች ይሁን፤ ልጆችም ከደረጃው ይራቁ።

ዕቃው ገብቶ ሲያበቃ ለደከሙት ቀዝቃዛ ውኃ ማቅረብ፣ የተላጠ ግድግዳ ቢኖርም ማሳደስ የባለቤቱ ፋንታ ነው። የተሰበረ ማቀዝቀዣ ይጠገናል፤ በደረጃ ላይ የተሰበረ ወገብ ግን የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ይዞ ይቀራል።