ድምሩን ተዉትና ዝርዝሩን አምጡ!

«ዘንድሮ ይህን ያህል ሺህ ቶን የካርቦን አቻ ለቀናል» ብሎ አንድ ድምር ጥሎ የሚሄድ ኩባንያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለመሆኑ ድምሩ ውስጥ ያለው ምንድነው? ኩባንያዎቹ ራሳቸው «እንከተለዋለን» የሚሉት የግሪንሀውስ ጋዝ ፕሮቶኮል እኮ በቀጥታ የለቀቁት ጋዝ በየዓይነቱ፣ በቶን ተለይቶ እንዲጻፍ ያዛል! ይህን ሲሰሙ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጎበዝ፣ ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። አንድ ቶን ሜቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲሰላ ግን ከ80 እጥፍ በላይ! ታዲያ በ28 አባዝቶ ሜቴኑን ድምሩ ውስጥ የቀበረ የነዳጅ ኩባንያ፣ ቧንቧው እንደሚያፈስ በምን ይታወቅበታል? በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ መሣሪያዎች ውስጥ የሚታሸገው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድማ ከ23 ሺህ እጥፍ በላይ ነው።

ሲሚንቶ ፋብሪካ «የኔ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ቢል አምነዋለሁ፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ በእሳት ሲበላ ያወጣዋል። ቢሆንም ይጻፍና እንየው።

«ዝርዝሩ አድካሚ ነው» ለሚሉኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየጋዙ ሳትለዩ ድምሩን ከየት አመጣችሁት?