ጥፋቱ የደረጃው ርዝመት ነው?

«የኦንላይን ጌም ደረጃው ሲበዛ ጀማሪን ያባርራል» ይባላል። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር የመጨረሻው ደረጃ 60 ነበር፤ በ2018 120 ደረሰ፤ በ2020 ግን ወደ 60 መለሱት። እኔም አንድ ጌም ሞክሬ ነበር። ጓደኞቼ ላይ ሆነው አብረው ሲዋጉ እኔ ታች ብቻዬን ከርከሮ ሳባርር ሰለቸኝና ተውኩት።

ሆኖም ርዝመቱን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ካደግኩባት ሲሪንቃ ጋር በአንድ ዞን ያለው ዋድላ በቅኔ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ብዙ ይለፋል። ግን ጀማሪውም የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ስለዚህ ጌም ሠሪዎች ደረጃ ከመቀነሳቸው በፊት ጀማሪውን ከነባሮቹ ጋር ቁም ነገር ያሠሩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?